«ጌት» የተሰኘውን የእንግሊዝኛ ግስ በትክክል ለመረዳትና ለመጠቀም የሚያግዝ የአሠራር መመሪያ

እንግሊዝኛ መማር የጀመረ ሰው ገና ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ከሚያገኛቸው ግሶች አንዱ «ጌት» ነው፤ ብዙውን ጊዜም ፍቺው «ማግኘት» እንደሆነ ይነገረውና በዚያው ያልፋል። ቆይቶ ግን «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ዳርክ»፣ «ሺ ጎት ማሪድ»፣ «አይ ሃቭ ጎት ቱ ጎ» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ሲያጋጥሙት «ማግኘት» የሚለው ፍቺ የትም አያደርሰውም። መዝገበ ቃላት ሲከፍት ደግሞ ከአንድ ገጽ በላይ የሚፈጅ የፍቺ ዝርዝር ይጠብቀዋል፤ ያንን ሁሉ በቃል መያዝ አድካሚ ከመሆኑም በላይ በንግግር መካከል የሚፈይደው እምብዛም ነው። በእኔ እምነት የዚህ ግስ ችግር የፍቺው መብዛት ሳይሆን ተማሪው ዐይኑን ግሱ ላይ ብቻ እንዲተክል መደረጉ ነው። የ«ጌት» ፍቺ የሚወሰነው ከእርሱ ቀጥሎ በሚመጣው ቃል ስለሆነ፣ ቀጣዩን ቃል መመልከት የለመደ አንባቢ አብዛኛውን ዐረፍተ ነገር ያለ መዝገበ ቃላት ሊፈታው ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ይህንን ልማድ ለማስያዝ የተዘጋጁ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ቅርጾቹንና አነባበቡን አጥርቶ መያዝ

ግሱ ለአሁን ጊዜ «ጌት»፣ ባለቤቱ ነጠላ ሦስተኛ መደብ ሲሆን «ጌትስ»፣ ለኃላፊ ጊዜ «ጎት»፣ በሂደት ላይ ላለ ድርጊት ደግሞ «ጌቲንግ» ይሆናል። በትምህርት ቤት ፓስት ፓርቲሲፕል ወይም ሦስተኛው ቅርጽ እየተባለ የሚጠራው እንደየአገሩ ይለያያል፤ በብሪታንያ «ጎት» ሲሆን፣ በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ «ጎተን» ነው። «ጎተን» አሜሪካውያን በቅርቡ የፈጠሩት ቅርጽ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እውነቱ ግን ቀድሞ በእንግሊዝም ይሠራበት የነበረ ቅርጽ መሆኑ ነው። በዚያ እየተተወ ሲሄድ ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ሰዎች ይዘውት ቆዩ። የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው፣ «መርሳት» የሚል ፍቺ ያለው «ፎርጌት» በብሪታንያም ቢሆን እስከ ዛሬ ሦስተኛ ቅርጹ «ፎርጎተን» ነው።

አሜሪካዊውን አነጋገር የሚከተል ሰው አንድ ልዩነት ልብ ማለት ይኖርበታል። «አይ ሃቭ ጎት ኧ ካር» ማለት «መኪና አለኝ» ሲሆን፣ «አይ ሃቭ ጎተን ኧ ካር» ማለት ግን «መኪና አግኝቻለሁ» ወይም «ገዝቻለሁ» ነው። የመጀመሪያው ይዞታን፣ ሁለተኛው ድርጊትን ይገልጻል፤ ስለዚህ «አለኝ» ለማለት በአሜሪካም «ጎተን» አይገባም።

ስለ አነባበቡ ደግሞ፣ «ጌቲንግ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ቲ» የተባለው ፊደል ሁለት ጊዜ ይደገማል። በአማርኛ መጥበቅና መላላት የቃሉን ፍቺ ስለሚለውጥ፣ የተደገመ ፊደል ስናይ አጥብቀን ወደ ማንበብ እናዘነብላለን። በእንግሊዝኛ ግን መደገሙ ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን የሚያሳይ የአጻጻፍ ደንብ ብቻ ነው፤ ድምፁ ላልቶ ይነገራል። በአሜሪካውያን አንደበት ደግሞ በሁለት አናባቢዎች መካከል የሚውለው «ት» ይበልጥ ይለሰልስና ከእኛ ላላ ካለው «ር» ጋር ይቀራረባል። «ጌት ኢት» ፈጠን ተብሎ ሲነገር «ጌሪት» የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ይህንን የሚያውቅ አድማጭ ፊልም ሲመለከትም ሆነ ንግግር ሲያዳምጥ ብዙ ይጠቀማል።

ደረጃ 2፦ «ቀጥሎ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ

«ጌት»ን ባዩ ቁጥር ለትርጉም ከመቸኮልዎ በፊት የሚቀጥለውን ቃል ዓይነት ይለዩ። ስም ወይም ተውላጠ ስም ሊሆን ይችላል፤ ቅጽል ሊሆን ይችላል፤ የሌላ ግስ ሦስተኛ ቅርጽ፣ «ቱ» ያለበት ግስ፣ ወይም ቦታንና አቅጣጫን የሚያመለክት ቃል ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ቢመስሉም ከበስተጀርባቸው አንድ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር ቀድሞ ወዳልነበረበት ይዞታ፣ ሁኔታ ወይም ቦታ መድረሱ ነው። ግሱ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ቫይኪንጎች ይናገሩት ከነበረው ከጥንታዊው የኖርስ ቋንቋ ሲሆን፣ በዚያም ዋናው ፍቺው ማግኘትና የራስ ማድረግ ነበር። ሰው ዕቃን የራሱ እንደሚያደርግ ሁሉ ሁኔታንም ቦታንም «እንደሚደርስበት» አድርጎ ማሰብ ነው እንግዲህ ግሱን እንዲህ ያሰፋው።

ደረጃ 3፦ ስም ሲከተለው

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። «አይ ጎት ኧ ሌተር» ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «ሺ ጎት ኧ ጆብ» ሥራ አገኘች፤ «ሂ ጎት ኧ ኒው ፎን» አዲስ ስልክ ገዛ ማለት ነው። መቀበል፣ ማግኘትና መግዛት በአማርኛ የተለያዩ ግሶች ቢሆኑም፣ በእንግሊዝኛ የትኛው እንደታሰበ የሚለየው ተከታዩ ስም ነው። ደብዳቤ ይደርሳል፣ ሥራ ይገኛል፣ ስልክ ይገዛል።

ሁለት ተሳቢ ሲኖረው የ«ጌት» ፍቺ ለሌላ ሰው ማምጣት ይሆናል። «ጌት ሚ ኧ ግላስ ኦቭ ዋተር» የሚለውን አማርኛችን «አንድ ብርጭቆ ውኃ አምጣልኝ» ሲል በግሱ ጫፍ ባለው «ልኝ» ይገልጸዋል። ተጠቃሚው ሰው በእንግሊዝኛ ከግሱ ቀጥሎ ወዲያውኑ ይመጣል፤ ከዕቃው በኋላ ማምጣት ከተፈለገ ደግሞ «ፎር» የሚለው መስተዋድድ ይጨመራል፤ «ጌት ኧ ግላስ ኦቭ ዋተር ፎር ሚ» ይሆናል።

ሐሳብን በተመለከተ «ጌት» መረዳት ማለት ነው። «አይ ዶንት ጌት ኢት» አልገባኝም፣ «ሺ ጎት ዘ ጆክ» ቀልዱ ገባት። በሕመም ረገድ ግን የባለቤቱ ቦታ ይገለበጣል፤ በአማርኛ ጉንፋን ሰውን ይይዛል፣ በእንግሊዝኛ ሰው ጉንፋንን «ያገኛል»፤ «አይ ጎት ኧ ኮልድ» ይባላል። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለችውን ትንሿን «ኧ» አይርሷት፤ ምክንያቱን በሚቀጥለው ደረጃ ያዩታል።

ደረጃ 4፦ ቅጽል ሲከተለው

አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ልምምድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ቅጽል ሲከተለው «ጌት» ወደዚያ ሁኔታ መግባትን ያሳያል። አማርኛ ይህንን የሚገልጸው በአብዛኛው በራሱ በግሱ ነው፤ ጨለመ፣ ደከመ፣ ራበ፣ ባሰ፣ ተሻለ፣ አረጀ እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ሁኔታውን በቅጽል፣ መግባቱን ደግሞ በ«ጌት» ከፋፍሎ ያስቀምጠዋል፤ «ጌት ዳርክ»፣ «ጌት ታየርድ»፣ «ጌት ሀንግሪ»፣ «ጌት ወርስ»፣ «ጌት ቤተር»፣ «ጌት ኦልድ» ይላል።

ከሁሉ አስቀድሞ «ቢ» የተባለውን «የመሆን» ግስና «ጌት»ን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። «ሺ ዎዝ አንግሪ» ማለት ተቆጥታ ነበር፣ ማለትም ስንደርስ በቁጣ ላይ አገኘናት ማለት ነው፤ «ሺ ጎት አንግሪ» ማለት ደግሞ ተቆጣች፣ ማለትም ቀድሞ አልተቆጣችም ነበርና አሁን ቁጣ ገባት ማለት ነው። ታሪክ የሚተርክ ሰው ይህንን ልዩነት ካልጠበቀ የድርጊቶቹ ቅደም ተከተል ይጠፋል።

ጊዜንም በሚመለከት አሳሳች ነገር አለ። «ደክሞኛል» የሚለው አማርኛ በቅርጹ ያለቀ ድርጊት ስለሚመስል፣ ተማሪዎች ወደ ኃላፊ ጊዜ ሊወስዱት ይችላሉ። አሁን ያለሁበትን ሁኔታ የምገልጽ ከሆነ ግን ትክክለኛው «አይ አም ታየርድ» ነው። «እየደከመኝ ነው» ለማለት «አይ አም ጌቲንግ ታየርድ»፣ በትረካ ውስጥ «ደከመኝ» ለማለት ደግሞ «አይ ጎት ታየርድ» ይባላል። እነዚህን ሦስቱን ጎን ለጎን ጽፎ፣ በ«ታየርድ» ቦታ «ሀንግሪ»፣ «ኮልድ»፣ «ቦርድ» እያስገቡ መለማመድ እጅግ ይጠቅማል። በዚህ ልምምድ ውስጥ «ደከመኝ»፣ «ራበኝ»፣ «በረደኝ» ስንል ሰውየው በአማርኛ ተሳቢ እንደሆነ፣ በእንግሊዝኛ ግን ሁልጊዜ ባለቤት እንደሚሆን ያስተውሉ።

አሁን ወደ «ኧ» እንመለስ። «አይ ጎት ኮልድ» ማለት በረደኝ ነው፤ «አይ ጎት ኧ ኮልድ» ማለት ግን ጉንፋን ያዘኝ ነው። «ኧ» የምትመጣው ከስም ፊት ስለሆነ፣ እርሷ ካለች «ኮልድ» ስም ሆኖ ሕመሙን ይጠራል፤ ከሌለች ቅጽል ሆኖ የሰውነትን ስሜት ይገልጻል። ቀጣዩን ቃል መለየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለማግኘት ይቸግራል።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ከባድ ስህተት አለ። «ዶክተር ሆነች» ለማለት «ሺ ጎት ኧ ዶክተር» ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ ዐረፍተ ነገሩ ሰዋስው አይጎድለውም፣ ፍቺው ግን «ሐኪም አገኘች» ወይም «ሐኪም ጠራች» ይሆናል። ስም ሲከተል «ጌት» ወደ ማግኘት ስለሚመለስ፣ ሙያን፣ ሹመትንና ማንነትን ለመግለጽ «ቢከም» የሚለውን ግስ መጠቀም ግድ ነው፤ «ሺ ቢኬም ኧ ዶክተር» ይባላል። በተጨማሪም ሁሉም ቅጽል ከ«ጌት» ጋር አይሄድም። ዐይነ ስውር መሆንን «ጎ ብላይንድ»፣ የፊት መቅላትን «ተርን ሬድ» ወይም «ጎ ሬድ» ማለት የተለመደ ነው። እነዚህን አንድ በአንድ ሲያገኟቸው መመዝገብ እንጂ በአንድ ደንብ ሊጠቀልሏቸው መሞከር አያዋጣም።

ደረጃ 5፦ የሌላ ግስ ሦስተኛ ቅርጽ ሲከተለው

«ሂ ጎት ፋየርድ» ከሥራ ተባረረ፤ «ማይ ፎን ጎት ስቶለን» ስልኬ ተሰረቀ። እዚህ ላይ «ጌት» የሚሠራው ሥራ በአማርኛ በግሱ መነሻ ላይ የምትገባው «ተ» የምትሠራውን ነው። በ«ቢ»ም «ሂ ዎዝ ፋየርድ» ማለት ይቻላል፤ በ«ጌት» ሲሆን ግን አነጋገሩ የዕለት ተዕለት ይሆናል፣ ነገሩም በሰውየው ላይ የደረሰ ክስተት መሆኑ ጎልቶ ይሰማል። ስለዚህ ቆሞ ያለን ሁኔታ ለመግለጽ አይስማማም፤ «መልሱ የታወቀ ነው» ለማለት «ዘ አንሰር ኢዝ ኖውን» እንጂ በ«ጌት» አይነገርም። ጥያቄና አሉታ ሲሠራም «ጌት» እንደ ማንኛውም ግስ «ዱ»ን ወይም «ዲድ»ን ይፈልጋል፤ «ዲድ ሂ ጌት ፋየርድ?» ይባላል እንጂ «ጎት ሂ ፋየርድ?» አይባልም።

አንዳንዶቹ ጥምረቶች ተደራጊነታቸው ጠፍቶ ሰውየው በራሱ ላይ ወይም ከሌላ ጋር ሆኖ የሚያደርገውን የሚገልጹ ሆነዋል። «ጌት ድሬስድ» መልበስ፣ «ጌት ሎስት» መንገድ መጥፋት፣ «ጌት ማሪድ» ማግባት ወይም መጋባት ነው። በመጨረሻው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በአማርኛ ሰው ከሌላው «ጋር» ስለሚጋባ፣ ተማሪው «ዊዝ» የሚለውን መስተዋድድ መጠቀም ይቀናዋል። እንግሊዝኛው የሚፈልገው «ቱ»ን ነው፤ «ሺ ጎት ማሪድ ቱ ኧ ቲቸር» ይባላል።

ደረጃ 6፦ በ«ጌት»ና በሦስተኛው ቅርጽ መካከል ተሳቢ ሲገባ፣ እንዲሁም ሰውን ማሠራት

በሁለቱ መካከል ተሳቢ ሲገባ ፍቺው ወደ ማስደረግ ይዞራል። «አይ ጎት ማይ ፎን ሪፔርድ» ስልኬን አስጠገንሁ፤ «ሺ ጎት ዘ ካር ዎሽድ» መኪናውን አሳጠበች። የእኛ «አስ» የምትባለው የግስ መነሻ የምትሠራው ይህንኑ ነውና ሐሳቡ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆነው የቃላቱ አቀማመጥ ነው፤ ዕቃው በ«ጎት»ና በ«ሪፔርድ» መካከል መግባት አለበት። ቦታው ከተዛባ ዐረፍተ ነገሩ ይፈርሳል።

ይኸው አቀማመጥ ሌሎች ሁለት ፍቺዎችም ይሰጣል። «ሂ ጎት ሂዝ ዋሌት ስቶለን» ሲባል ቦርሳውን አሰረቀ ማለት ሳይሆን ቦርሳው ተሰረቀበት ማለት ነው፤ አማርኛ ጉዳቱን በ«በት» እንደሚያሳይ እንግሊዝኛ በዚህ አቀማመጥ ያሳየዋል። «አይ ጎት ዘ ወርክ ደን» ደግሞ ራሴ ሠርቼ ሥራውን ጨረስሁት ማለት ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ የትኛው እንደታሰበ ለመወሰን «ሰው ይህንን ነገር ሆን ብሎ ያስደርጋልን?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ስርቆትን ማንም በራሱ ላይ አያስፈጽምም፤ ጥገናን ግን ያስደርጋል።

አሁን ወደ ሰው እንለፍ። «አይ ጎት ሂም ቱ ሳይን» ማለት አስፈረምሁት ነው፤ ነገር ግን «አስፈረምሁት» የሚለው የአማርኛ ቃል ማስገደድንም፣ ማግባባትንም፣ ማዘዝንም ሊይዝ ይችላል። እንግሊዝኛ እነዚህን በተለያዩ ግሶች ይለያቸዋል፤ ይህንን ልዩነት የማያውቅ ሰው ሳያስበው ባልደረባውን አስገዳጅ አድርጎ ሊያቀርበው ስለሚችል፣ ጊዜ ወስዶ መያዙ ይገባል። «አይ ሜድ ሂም ሳይን» ወደደም ጠላም አስገድጄ አስፈረምሁት የሚል መንፈስ አለው። «አይ ሃድ ሂም ሳይን» በሥራ ወይም በኃላፊነት ግንኙነት እንዲፈርም አደረግሁ፣ ማለትም ነገሩ ያለ ክርክር የተከናወነ ነው የሚል ነው። «አይ ሌት ሂም ሳይን» እንዲፈርም ፈቀድሁለት ነው። «አይ ጎት ሂም ቱ ሳይን» ግን ሰውየው መጀመሪያ ላይ ፈቃደኛ ላይሆን እንደሚችልና እኔ አግባብቼ፣ አስረድቼ ወይም ለምኜ እሺ እንዳሰኘሁት ያመለክታል። ከአራቱ ግሶች «ቱ»ን የሚፈልገው «ጌት» ብቻ መሆኑን በተለይ ያስታውሱ። የማግባባቱ ወይም የድካሙ መንፈስ ሕይወት ለሌለው ነገርም ይሠራል፤ «አይ ጎት ዘ ኢንጂን ቱ ስታርት» ሲባል ሞተሩ እምቢ ብሎ እንደነበርና እንደምንም እንደተነሣ እንረዳለን።

ደረጃ 7፦ «ቱ» ያለበት ግስ ሲከተለው

እዚህ ላይ ሁለት በጣም የሚመሳሰሉ ግን የማይገናኙ አነጋገሮች አሉ። «አይ ጌት ቱ ትራቭል» ማለት የመጓዝ ዕድል አለኝ፣ በዚያም ደስተኛ ነኝ ማለት ነው። «አይ ሃቭ ጎት ቱ ትራቭል» ማለት ግን መጓዝ አለብኝ፣ ግዴታ ነው ማለት ነው። አንደኛው ዕድል፣ ሌላው ግዴታ ነው። በፈጣን ንግግር «ሃቭ» ተውጦ «አይቭ ጎት ቱ» ወይም ይበልጥ አጥሮ «አይ ጋታ» ስለሚሆን፣ ጆሮ የሚለያቸው «ጌት» እና «ጎት» በሚሉት ቅርጾች ነው ማለት ይቻላል። የአሁን ጊዜ ሆኖ «ጎት» ከተሰማ ግዴታ እንደሆነ ይያዙ። ያለፈ ግዴታን ለመግለጽ ደግሞ «ሃድ ቱ» ይባላል፤ «አይ ጎት ቱ ሲ ሂም» የሚለው ግን ላገኘው ቻልሁ፣ ዕድሉ ገጠመኝ የሚል ነው።

«ጌት ቱ ኖው» የሚለው ከዚህ ለየት ያለ ነው፤ ሰውን ቀስ በቀስ እየቀረቡ ማወቅን ይገልጻል። ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኝቶ ስም መለዋወጥ «ሚት» ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለው መላመድ «ጌት ቱ ኖው» ነው።

ደረጃ 8፦ ቦታ ሲከተለው

ፍቺው መድረስ ነው። «ሀው ዱ አይ ጌት ቱ ዘ ስቴሽን?» ወደ ጣቢያው እንዴት እደርሳለሁ? ማለት ነው። «ሆም»፣ «ሂር» እና «ዜር» ግን «ቱ»ን አይቀበሉም፤ «አይ ጎት ሆም» ይባላል። ተመሳሳይ ፍቺ ያለው «አራይቭ» ደግሞ «አት»ን ወይም «ኢን»ን እንጂ «ቱ»ን ስለማይወስድ ሁለቱን አያቀላቅሉ።

ለመጓጓዣ ሁለት መንገድ አለ። ለመኪናና ለታክሲ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት ኦቭ» ይባላል፤ ለአውቶቡስ፣ ለባቡር፣ ለአውሮፕላን፣ ለመርከብ፣ እንዲሁም ለብስክሌትና ለፈረስ «ጌት ኦን» እና «ጌት ኦፍ» ይባላል። ለማስታወስ የሚረዳው፣ ውስጡ ቆመው ሊራመዱበት የሚችሉት ወይም እግርዎን አንፈራጠው የሚቀመጡበት ከሆነ «ኦን» መሆኑ ነው።

ደረጃ 9፦ ከትንንሽ ቃላት ጋር ተጣምሮ አዲስ ፍቺ ሲይዝ

«ጌት» እንደ «አፕ»፣ «ኦቨር»፣ «ባክ» ካሉ ቃላት ጋር ሲጣመር ፍቺው ከሁለቱ ቃላት ድምር ሊርቅ ይችላል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመያዝ መሞከር አይመከርም፤ በብዛት የሚያጋጥሙትን ቀድሞ መያዝ ይሻላል። «ጌት አፕ» ከመኝታ መነሣት ነው፤ መንቃት ግን «ዌክ አፕ» ነውና ሰው ነቅቶ ሳይነሣ ሊቆይ ይችላል። «ጌት ኦቨር» ከሕመም ማገገም ወይም ከሐዘን መጽናናት፣ «ጌት አሎንግ ዊዝ» ከሰው ጋር መስማማት፣ «ጌት ባይ» ባለው አብቃቅቶ መኖር፣ «ጌት ሪድ ኦቭ» ማስወገድ፣ «ጌት አዌይ ዊዝ» ጥፋት ሠርቶ ሳይቀጡ ማምለጥ ነው። «ጌት ስሩ» አስቸጋሪ ነገርን ማለፍ ሲሆን፣ በስልክ ጉዳይ ደግሞ የደወሉለትን ሰው ማግኘት ማለት ነው። «አይ ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ» የሚለው አነጋገር በሥራ ቦታ በብዛት ይሰማል፤ ቃል በቃል ወደ እርስዎ እመለሳለሁ ቢመስልም፣ ጉዳዩን አጣርቼ መልስ እሰጥዎታለሁ ማለት ነው።

ተውላጠ ስም ሲገባ ቦታውን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «መልሼ አገኘሁት» ለማለት «አይ ጎት ኢት ባክ» ሲባል «ኢት» በመካከል ይገባል፤ «ተወጣሁት» ለማለት «አይ ጎት ኦቨር ኢት» ሲባል ግን በመጨረሻ ይመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥምረት ለብቻው ሳይሆን «ኢት»ን አስገብተው፣ ሙሉ ዐረፍተ ነገር አድርገው ይመዝግቡት፤ ቦታው ከፍቺው ጋር አብሮ ይያዛል።

ደረጃ 10፦ በአንድ አንቀጽ ላይ መሞከር

ከዚህ በታች ያለውን አንቀጽ ያንብቡና በእያንዳንዱ «ጌት» ላይ ቆም ብለው ቀጣዩን ቃል ይለዩ።

«አይ ጎት አፕ ሌት ኤንድ ጎት ድሬስድ ኩዊክሊ። አይ ጎት ኦን ዘ ባስ፣ በት ዘ ትራፊክ ጎት ወርስ፣ ሶ አይ ጎት ቱ ዘ ኦፊስ አት ቴን። ማይ ማናጀር ዎዝ ጌቲንግ አንግሪ። አይ ጎት ኸር ቱ ሊስን፣ ኤንድ ሺ ጎት ዘ ፖይንት። ናው አይ ሃቭ ጎት ቱ ጌት ዘ ሪፖርት ደን ባይ ፍራይዴይ።»

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «አፕ» አለና ተነሣሁ፤ ቀጥሎ ሦስተኛ ቅርጽ አለና ለበስሁ። «ኦን ዘ ባስ» አውቶቡስ ላይ መሳፈር ነው። «ወርስ» ቅጽል ስለሆነ የመንገዱ መጨናነቅ ባሰ፤ «ቱ ዘ ኦፊስ» ቦታ ስለሆነ ደረስሁ። «አንግሪ» ቅጽል ነው፣ ግሱም «ዎዝ ጌቲንግ» በሚል የሂደት ቅርጽ ስለመጣ ኃላፊዋ ገና እየተቆጡ ነበር እንጂ ቁጣቸው አልደረሰም ነበር። «ኸር ቱ ሊስን» ሰውና «ቱ» ያለበት ግስ ስለሆኑ አግባብቼ እንዲሰሙኝ አደረግሁ፤ «ዘ ፖይንት» ሐሳብን የሚጠራ ስም ስለሆነ ነገሩ ገባቸው። በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግሱ ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ የመጀመሪያው ግዴታን፣ ሁለተኛው «ሪፖርት» በመካከል ገብቶ «ደን» ስለተከተለው ሠርቶ መጨረስን ይገልጻል።

ደረጃ 11፦ ለመደበኛ ጽሑፍ መለወጥ

«ጌት» የንግግርና የወዳጅነት ጽሑፍ ቃል ነው። በማመልከቻ፣ በምርምር ጽሑፍና በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ውስጥ በተደጋጋሚ ሲገባ ጽሑፉ ቸልተኛ ይመስላል። ስለዚህ ረቂቁን ከጨረሱ በኋላ ግሱን በየቦታው እየፈለጉ፣ መቀበል ለሆነው «ሪሲቭ»፣ በጥረት ማግኘት ለሆነው «ኦብቴይን»፣ መሆን ለሆነው «ቢከም»፣ መድረስ ለሆነው «አራይቭ»፣ መረዳት ለሆነው «አንደርስታንድ»፣ ማግባባት ለሆነው «ፐርስዌድ» የሚሉትን ይተኩ፤ «ሃቭ ጎት» ያሉበትንም «ሃቭ» ብቻ ያድርጉት። በተደራጊ ዐረፍተ ነገር ላይም «ቢ» ይሻላል።

ይህንን ግን በጭፍን መፈጸም አይገባም። «ጌት ማሪድ» እና «ጌት ድሬስድ» በመደበኛ ጽሑፍም የሚያስነውሩ አይደሉም። የግል ኢሜይል ውስጥ «አይ ሪሲቭድ ዩር ሜሴጅ» ብሎ መጻፍ ስህተት ባይሆንም ለቅርብ ጓደኛ የራቀ አነጋገር ይሆናል፤ በዚያ ቦታ «አይ ጎት ዩር ሜሴጅ» የሚለው ነው የሚስማማው። ለልምምድ ያህል በደረጃ 10 የቀረበውን አንቀጽ ለመሥሪያ ቤት እንደሚቀርብ ማብራሪያ አድርገው እንደገና ይጻፉት፤ «ጎት ቱ ዘ ኦፊስ» የሚለውን ወደ «አራይቭድ አት ዘ ኦፊስ»፣ «ጎት ኸር ቱ ሊስን» የሚለውን ወደ «ፐርስዌድድ ኸር ቱ ሊስን»፣ «ሃቭ ጎት ቱ ጌት ዘ ሪፖርት ደን» የሚለውን ወደ «መስት ኮምፕሊት ዘ ሪፖርት» ይለውጡና፣ የቀሩትን በራስዎ ውሳኔ ያስተካክሉ።